በእስር ቤት ግድግዳና በባሕር ዳር ዛጎል መካከል፦ የናራያን ጋኔሽ ጎሬ ሕይወትና ጽሑፍ

መግቢያ

ደራሲ የፖለቲካ ድርጅት አባል የሆነ እንደሆነ ብዕሩ ምን ይሆናል? ይህ በሥነ ጽሑፍ ተማሪዎችና መምህራን ዘንድ ደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ ነው። አንደኛው ወገን፣ ደራሲ ዓላማ ካነገበ ሥራው ስብከት መሆኑ አይቀርም ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ከኅብረተሰቡ ትግል የራቀ ጽሑፍ ውበት ቢኖረውም ነፍስ የለውም ሲል ይሞግታል። ብዙውን ጊዜ ክርክሩ በንድፈ ሐሳብ ተጀምሮ በንድፈ ሐሳብ ያልቃል። ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን በአንድ ሰው ሕይወት በኩል ለመመልከት የሚደረግ ሙከራ ነው።

ሰውዬው ናራያን ጋኔሽ ጎሬ (1907–1993) ነው። በአገሩ አክባሪዎቹ ናናሳሄብ ጎሬ እያሉ ይጠሩታል። ጎሬ ከሕንድ የሶሻሊስት እንቅስቃሴ መሥራቾች አንዱ፣ በእንግሊዞችም በፖርቱጋሎችም እጅ የታሰረ ታጋይ፣ የሁለቱም የሕንድ ምክር ቤቶች አባል፣ የፑኔ ከተማ ከንቲባ፣ በመጨረሻም በለንደን የሕንድ ከፍተኛ ኮሚሽነር ነበር። ከዚህ ሁሉ ጋር ግን በማራቲ ቋንቋ አጫጭር ልቦለዶችን፣ ወጎችን፣ የእስር ቤት ማስታወሻን፣ የፖለቲካ ማብራሪያዎችንና ትርጉሞችን የጻፈ ደራሲ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ የሚከተለው ነው። ጎሬ ፖለቲካንና ሥነ ጽሑፍን አንድ ላይ አላዋሐደም፤ አንዱን ለሌላው ሲል አልተወም። ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የጽሑፍ ዘር መደበላቸው። ሁለቱ ፊት ለፊት የተገናኙበት ስፍራ ቢኖር እስር ቤት ነው። ስለዚህ የጎሬን ሥራ ለመረዳት ከምርጫ መድረኩ ይልቅ ከእስር ቤቱ መነሣት ይሻላል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ቋንቋው ጥቂት

ማራቲ በምዕራብ ሕንድ በተለይም በማሃራሽትራ ክፍለ ግዛት የሚነገር ቋንቋ ነው። በ2011 በተካሄደው የሕንድ ሕዝብ ቆጠራ መሠረት 83 ሚሊዮን ያህል ሰዎች አፋቸውን የፈቱበት ሲሆን፣ በተናጋሪ ብዛት በአገሪቱ ከሂንዲና ከቤንጋሊ ቀጥሎ ሦስተኛውን ደረጃ ይዟል። የጽሑፍ ታሪኩ ረጅም ነው። ድንያኔሽዋር የተባለው መናኝ ባለቅኔ ባጋቫድ ጊታን በሕዝቡ ቋንቋ በግጥም ያብራራበት ሥራ በ1290 እንደ ተጻፈ ይነገራል። በ2024 የሕንድ መንግሥት ማራቲን ከጥንታውያን ቋንቋዎች ተርታ አስገብቶታል።

ለርእሳችን ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመን ግን በአሥራ ዘጠነኛው ምእት ዓመት መጨረሻ በፑኔ ከተማ የተፈጠረው ሁኔታ ነው። በዚያ ዘመን የትምህርት ቤት መሥራቹ፣ የጋዜጣ አዘጋጁ፣ የፖለቲካ መሪውና ደራሲው አንድ ሰው ነበሩ። ቲላክና አጋርካር የፌርጉሰን ኮሌጅን በ1885 ካቋቋሙት ሰዎች መካከል ሲሆኑ፣ «ኬሳሪ» የተባለውን የማራቲ ጋዜጣም በ1881 ከጀመሩት ውስጥ ናቸው። በኋላ ሁለቱ ተለያዩ። ቲላክ በቅድሚያ የፖለቲካ ነጻነት ይምጣ ሲል፣ አጋርካር በቅድሚያ ኅብረተሰቡ ራሱን ያርም አለ። ጎሬ የተማረው በዚሁ ኮሌጅ ነው፤ የወረሰውም ይህንኑ ያልተፈታ ክርክር ነው።

ከኮንካን እስከ ፑኔ

ጎሬ ሰኔ ወር ውስጥ፣ ጁን 15 ቀን 1907፣ ሂንዳሌ በተባለች መንደር ተወለደ። መንደሪቱ በዚያን ጊዜ በራትናጊሪ አውራጃ ሥር ትተዳደር ነበር። አገሩ ኮንካን ይባላል። በአንድ ወገን የዓረብ ባሕር፣ በሌላ ወገን ተራራ የሚያዋስኑት፣ ማንጎና ካሹ የሚበቅልበት፣ ክረምቱ ከባድ የሆነ ጠባብ የባሕር ዳርቻ ነው። መሬቱ ነዋሪውን ሁሉ ስለማይመግብ የኮንካን ልጆች ለሥራና ለትምህርት ወደ ቦምቤይና ወደ ፑኔ መሰደድ የቆየ ልማዳቸው ነው። ጎሬም ይህንኑ መንገድ ተከትሎ ፑኔ ገባ፤ በፌርጉሰን ኮሌጅ ከተማረ በኋላ የሕግ ዲግሪ ተቀበለ። በጥብቅና ሊተዳደር የሚችል ሰው ነበር። ነገር ግን የኖረው በፍርድ ቤት ጠበቃነት ሳይሆን በፍርድ ቤት ተከሳሽነት ነው ማለት ይቻላል።

በወጣትነቱ የወሰዳቸው ሁለት እርምጃዎች የኋላውን ሰው ቀድመው ያሳዩናል።

የመጀመሪያው የፓርቫቲ ቤተ መቅደስ ጉዳይ ነው። ፓርቫቲ በፑኔ ከተማ ውስጥ የሚገኝ ኮረብታ ሲሆን፣ በላዩ የቆመው ቤተ መቅደስ «የማይነኩ» ተብለው ለተገለሉ ወገኖች ዝግ ነበር። በ1929 ከተገለሉት ወገኖች የመጡ ሰዎችና ከእነርሱ ጋር የተባበሩ ጥቂት የከፍተኛ ዘር ወጣቶች በሩ ይከፈትልን ብለው ሰላማዊ ተቃውሞ አደረጉ፤ ዱላና ድንጋይም ገጠማቸው። ጎሬና የዕድሜ ልክ ጓደኛው ኤስ. ኤም. ጆሺ ከእነዚህ ወጣቶች መካከል ነበሩ። የብራህማን ልጅ ለሆነ ሰው ይህ በቤተ ዘመድና በጎረቤት ፊት የሚያስከፍለው ዋጋ ቀላል አልነበረም።

ሁለተኛው የገዛ ጋብቻው ነው። ጎሬ በ1935 ባሏ የሞተባትን ሴት አገባ። የእንግሊዝ መንግሥት የመበለቶችን ዳግም ጋብቻ በሕግ የፈቀደው በ1856 ቢሆንም፣ በብራህማን ቤተሰቦች ዘንድ ነውርነቱ ከሰባ ዓመት በኋላም አልጠፋም ነበር። በዚያው በፌርጉሰን ኮሌጅ የሒሳብ መምህር የነበረው ካርቬ በ1893 መበለት በማግባቱ መገለል ደርሶበታል። ጎሬ በዚህ ረገድ የአጋርካር ወገን ነው። ኅብረተሰቡን አርማለሁ የሚል ሰው ከገዛ ቤቱ መጀመር እንዳለበት ያመነ ይመስላል።

የናሲክ እስር ቤትና የሶሻሊዝም «ሀ ሁ»

ጋንዲ በ1930 የጨው ሕግ እንዲጣስ ባወጀ ጊዜ ጎሬም ከታሰሩት በብዙ ሺህ ከሚቆጠሩ ሰዎች አንዱ ሆነ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በናሲክ እስር ቤት የተሰበሰቡት ወጣቶች ስብስብ በሕንድ የፖለቲካ ታሪክ ውስጥ የታወቀ ነው። ጃያፕራካሽ ናራያን፣ አቹት ፓትዋርድሃን፣ አሾክ መህታ፣ ማሳኒ፣ ጆሺና ጎሬ በዚያ ተገናኙ። እንግሊዞች ከሄዱ በኋላ መሬቱና ፋብሪካው የማን ይሆናል የሚለውን ጥያቄ አንሥተው ተወያዩ። የውይይቱ ፍሬ በ1934 በኮንግረስ ድርጅት ውስጥ የተቋቋመው የኮንግረስ ሶሻሊስት ፓርቲ ነው።

ጎሬ ለዚህ እንቅስቃሴ ካበረከታቸው ጽሑፎች አንዱ «ሳማጅዋዳቻ ኦናማ» ይባላል። ርእሱ ለቋንቋ ተማሪ ትኩረት የሚስብ ነው። በቀድሞው ዘመን የማራቲ ሕፃን ፊደል መቁጠር ሲጀምር በመጀመሪያ የሚጽፈው የሳንስክሪት የምስጋና ሐረግ ነበር። ሐረጉ በሕፃናት አፍ ሲንከባለል «ኦናማ» ሆነ፤ ከዚያም ቃሉ «የማናቸውም ነገር መጀመሪያ» የሚል ፍቺ አገኘ። እንግዲህ ርእሱን ወደ አማርኛ ብንመልሰው «የሶሻሊዝም ሀ ሁ» እንደ ማለት ነው። ጎሬ ከአውሮፓ የመጣውን ትምህርት በባዕድ ስም አላቀረበውም። አንባቢው በልጅነቱ መሬት ላይ ተቀምጦ ከጻፈው የመጀመሪያ ቃል ጋር አገናኘው። ይህ ትንሽ ነገር ይምሰል እንጂ የፖለቲካ ቋንቋን ከሕዝብ አንደበት የማስገኘት ጥረት ነው። የውጭ ቃላትን እንዳሉ ተውሶ ለሕዝብ ማሰማት ምን ያህል ግርታ እንደሚያስከትል ለሚያውቅ አንባቢ፣ የዚህ ምርጫ ዋጋ ግልጽ ነው።

ኔሩን መተርጎም

ጃዋሃርላል ኔሩ ግለ ታሪኩን የጻፈው በ1934 እና በ1935 በእስር ላይ ሳለ ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ በ1936 ታተመ። ወደ ማራቲ የመለሰው ጎሬ ነው። በዚያን ጊዜ ኔሩ ለወጣት ሶሻሊስቶች ተስፋቸው ነበር። በድርጅታቸው ውስጥ በአባልነት ባይገባም፣ በኮንግረስ ውስጥ ስለ ሶሻሊዝም ደፍሮ የሚናገር ትልቅ መሪ እርሱ ነበርና።

ሌላውን ሰው መተርጎም፣ በተለይም ግለ ታሪኩን መተርጎም፣ በሌላ ሰው «እኔ» ውስጥ ገብቶ መናገር ነው። ተርጓሚው ለወራት ያህል የኔሩን ትዝታ፣ የኔሩን ጥርጣሬ፣ የኔሩን ብቸኝነት በራሱ ቋንቋ «እኔ» እያለ ይጽፋል። ይህን የሠራ ሰው ከሃያ ዓመት በኋላ በፓርላማ ከኔሩ መንግሥት ፊት ለፊት በተቃዋሚው ወንበር ላይ መቀመጡ በጎሬ ሕይወት ውስጥ ካሉት ብርቱ ተቃርኖዎች አንዱ ነው። ሶሻሊስቶቹ በ1948 ከኮንግረስ ወጡ። በ1952 ከሌላ ድርጅት ጋር ተዋሕደው የፕራጃ ሶሻሊስት ፓርቲን መሠረቱ። ጎሬም በዚህ ፓርቲ ዋና ጸሐፊነትና ሊቀ መንበርነት አገልግሏል። የሚቃወመውን ሰው ከውስጥ የሚያውቅ ተቃዋሚ ሆነ ማለት ነው።

የእስር ቤት ግድግዳዎች

በማራቲ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ እስር ቤት ራሱን የቻለ የጽሑፍ ቤት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ቲላክ ስለ ጊታ የጻፈውን ታላቅ ሐተታ ያዘጋጀው በበርማ በማንዳላይ እስር ቤት ሲሆን፣ መጽሐፉ የታተመው በ1915 ነው። ሳኔ ጉሩጂ ስለ እናቱ የጻፈውንና እስከ ዛሬ በማራቲ ተናጋሪ ቤት ሁሉ የሚነበበውን «ሽያምቺ አኢ» የጻፈው በ1933 በናሲክ እስር ቤት ነው። ቪኖባ በ1932 በዱሌ እስር ቤት ስለ ጊታ ለእስረኞች ያደረገውን ንግግር በጽሑፍ ያስቀረውም ይኸው ሳኔ ጉሩጂ ነው።

ጎሬ ወደዚህ ቤት የገባው «ካራግሩሃችያ ብሂንቲ»፣ ማለትም «የእስር ቤት ግድግዳዎች» በተባለው ማስታወሻው ነው። ጋንዲ በኦገስት 1942 እንግሊዞች ሕንድን ለቀው ይውጡ ሲል ያወጀውን እንቅስቃሴ ተከትሎ ጎሬ በታሰረበት ወቅት የተገኘ ሥራ ነው። እዚህ ላይ የጽሑፉን ዘር ልብ ማለት ይገባል። ቲላክ በእስር ላይ የፍልስፍና ሐተታ ጻፈ። ሳኔ ጉሩጂ የእናትን ትዝታ ተረከ። ሁለቱም በእስር ሆነው የጻፉት ከእስር ውጪ ስላለ ነገር ነው። ጎሬ ግን በርእሱ የመረጠው ያንኑ ፊት ለፊቱ ያለውን ግድግዳ ነው።

ማስታወሻ ከንግግርም ከፖለቲካ ማብራሪያም የተለየ ጠባይ አለው። ንግግር የሚጀምረው መደምደሚያውን ከሚያውቅ ሰው ነው። የማስታወሻ ጸሐፊ ግን ነገ ምን እንደሚሆን አያውቅም። ይፈታል? ጦርነቱ እንዴት ያልቃል? ቤተሰቡ እንዴት ነው? ይህን ሁሉ ሳያውቅ የዛሬውን ይጽፋል። ለድርጅቱ ሲናገር እርግጠኛ መሆን የሚገባው ሰው፣ በማስታወሻ ውስጥ አለማወቁን ሊያምን ይችላል። በመግቢያው ላይ ፖለቲካውና ብዕሩ ፊት ለፊት የተገናኙት በእስር ቤት ነው ያልነው ስለዚህ ነው። ወደዚያ ያደረሰው ፖለቲካ ነው፤ እዚያ ከደረሰ በኋላ ግን መድረክ የለም፣ አጨብጫቢም የለም፤ ያለው ግድግዳና ወረቀት ብቻ ነው።

ጎዋ

ሕንድ በ1947 ነጻ ስትወጣ ጎዋ አልወጣችም። ፖርቱጋሎች ከ1510 ጀምሮ የያዟት ይህች ምድር ከጎሬ የትውልድ አገር ብዙም አትርቅም፤ የአንድ የባሕር ዳርቻ ቅጥያ ናት። በፖርቱጋል የሰላዛር አገዛዝ ጎዋ ቅኝ ግዛት ሳትሆን የእናት አገር ክፍል ናት እያለ ድርድርን አሻፈረኝ አለ። ቀድሞ በ1946 ሶሻሊስቱ ራም ማኖሃር ሎሂያ በማርጋዎ ከተማ ተገኝቶ የተቃውሞ እሳቱን ለኩሶ ነበር።

በሜይ 1955 ጎሬ ሴናፓቲ ባፓት ከተባለው አረጋዊ አርበኛ ጋር ሆኖ የመጀመሪያውን የሳትያግራሃ ጓድ እየመራ ድንበሩን ተሻገረ። ሳትያግራሃ ቃል በቃል እውነትን አጥብቆ መያዝ ማለት ሲሆን፣ ጋንዲ ለሰላማዊ እምቢተኝነት የሰጠው ስም ነው። ጓዱ የጦር መሣሪያ አልያዘም። የፖርቱጋል ፖሊሶች ክፉኛ ደበደቧቸው። ጎሬ ለፍርድ ቀርቦ የአሥር ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ በአጉዋዳ ምሽግም ታሰረ። ይህ ምሽግ ፖርቱጋሎች በ1612 በማንዶቪ ወንዝ መውጫ ላይ የሠሩት ነው። በዚያው ዓመት ኦገስት 15 ቀን ከየአቅጣጫው ወደ ጎዋ በገቡት ሰላማዊ ሰዎች ላይ የፖርቱጋል ወታደሮች ተኩሰው ከ20 በላይ ገደሉ። ከዚህ በኋላ የኔሩ መንግሥት ሕንዳውያን እንዲህ ባለ ዘመቻ ድንበሩን እንዳያቋርጡ ከለከለ። የኔሩን «እኔ» በማራቲ የጻፈው ሰው በባዕድ ምሽግ ውስጥ ሳለ፣ ኔሩ ሌላ ሰው እንዳይከተለው መንገዱን ዘጋ።

ኔሩ የራሱ ምክንያት ነበረው። በዓለም ፊት ስለ ሰላም የሚናገር መንግሥት ጦርነት ውስጥ እንዳይገባ መስጋቱ የሚገባ ነው። ጎሬም የጠየቀው ጦርነት አልነበረም። ልዩነታቸው ሰላማዊ ትግል የመንግሥት ፖሊሲ ነው ወይስ የዜጋ መብት የሚለው ላይ ነው ለማለት ይቻላል። በመጨረሻ ነገሩን የፈታው ከሁለቱም መንገድ ውጪ ያለ ኃይል ሆነ። የሕንድ ጦር በዲሴምበር 1961 ጎዋ ገብቶ በሁለት ቀናት ገደማ ውስጥ የ451 ዓመቱን አገዛዝ አበቃ። ጎሬ ግን ከዚያ በፊት፣ በ1957 መጀመሪያ፣ ከሌሎች እስረኞች ጋር ተፈትቶ ነበር። ዕድሜው 50 ሊሞላ ጥቂት ወራት ቀርተውታል።

ከምርጫ እስከ ለንደን

ከእስር ሲወጣ አገሩ በሌላ ጥያቄ ተጠምዳ አገኛት። ማራቲ ተናጋሪዎች ቦምቤይን ዋና ከተማው ያደረገ፣ ቋንቋቸው የሚነገርበት ክፍለ ግዛት ይሰጠን እያሉ ነበር። በእንቅስቃሴው ከመቶ በላይ ሰዎች ሞተዋል። የተባበረች ማሃራሽትራ ኮሚቴ ዋና ጸሐፊ የጎሬ ጓደኛ ጆሺ ሲሆን፣ ከመሪዎቹ አንዱ ቲያትር ጸሐፊውና ጋዜጠኛው አትሬ ነው። አናባሁ ሳቴና አማር ሼክ ፖዋዳ በተባለው፣ ጥንት የጀግና ታሪክ ይዘፈንበት በነበረው ትረካዊ ግጥም ሕዝቡን ቀሰቀሱ። ቋንቋ ራሱ የፖለቲካ ጥያቄ በሆነበት በዚህ ወቅት፣ በ1957ቱ ምርጫ ጎሬ ከፑኔ ተመርጦ የሕዝብ ምክር ቤት አባል ሆነ፤ እስከ 1962ም አገለገለ። የማሃራሽትራ ክፍለ ግዛት ሜይ 1 ቀን 1960 ተመሠረተ።

የቀረውን የሹመት ዝርዝር በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። በ1960ዎቹ መጨረሻ የፑኔ ከንቲባ ሆነ። ከ1970 እስከ 1976 የላይኛው ምክር ቤት አባል ነበር። «ጃናታ» የተባለውን የሶሻሊስቶች የእንግሊዝኛ ሳምንታዊ መጽሔትም በአዘጋጅነት መርቷል። ኢንዲራ ጋንዲ በጁን 1975 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አውጥታ ብዙ የተቃዋሚ መሪዎች ሲታሰሩና ጋዜጦች በሳንሱር ሲታፈኑ ጎሬ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ቆመ። አዋጁ በማርች 1977 ተነሥቶ በምርጫ የጃናታ ፓርቲ ሥልጣን ሲይዝ፣ አዲሱ መንግሥት ወደ ለንደን ላከው። በጋራ ብልጽግና አገሮች መካከል አምባሳደር የሚሆነው ሰው ከፍተኛ ኮሚሽነር ይባላል። ጎሬ በዚህ ኃላፊነት እስከ 1979 ቆየ።

የእንግሊዝ እስረኛ የነበረ ሰው የአገሩ እንደራሴ ሆኖ ወደ እንግሊዝ ዋና ከተማ መሄዱ በራሱ የታሪክ ፍርድ ይመስላል። ወቅቱ ግን የተድላ አልነበረም። በእንግሊዝ በእስያውያን ስደተኞች ላይ የዘር ጥላቻ የበረታበት ዘመን ነው። በ1979 መጀመሪያ በሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ አንዲት እጮኛዋን ለማግባት የመጣች ሕንዳዊት የድንግልና ምርመራ እንደ ተደረገባት በጋዜጣ ሲጋለጥ፣ በሕንድ ታላቅ ቁጣ ተነሣ፤ የሕንድ መንግሥትም ተቃውሞውን አሰማ። በወጣትነቱ የሴትን ክብር ከዘርና ከልማድ ሕግ በላይ አድርጎ ለቆመ ሰው፣ የኤምባሲ ሥራ የግብዣና የፕሮቶኮል ጉዳይ ብቻ ሊሆንለት እንዳልቻለ መገመት አያዳግትም።

ሁለት ዓይነት ርእሶች

አሁን ወደ ጽሑፎቹ እንመለስ። ጎሬ መጻፍ በጀመረበት ዘመን የማራቲ ደራስያን በአንድ ትልቅ ክርክር ተከፍለው ነበር። ልቦለድ ጸሐፊው ፋድኬ ጥበብ ለጥበብነቱ ነው ይል ነበር። በ1974 የሕንድን ከፍተኛ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት፣ የድንያንፒትን፣ ያገኘው ካንዴካር ደግሞ ጥበብ ለሕይወት ነው ሲል ይመልስለታል። በሐሳብ የማይስማሙት እነዚህ ሁለት ሰዎች አንድ የጽሑፍ ዘር በማስፋፋት ግን ተባብረዋል። እርሱም ጸሐፊው ከአንድ ተራ ነገር ተነሥቶ፣ ከአንባቢው ጋር እንደሚጫወት ሆኖ፣ ሐሳቡን በለዛ የሚገልጽበት አጭር ድርሰት ነው። በእኛ አገር ወግ ከምንለው ጋር የቀረበ ነው።

ጎሬ ሶሻሊስት እንደ መሆኑ ከካንዴካር ወገን ቆሞ ሥራዎቹን ሁሉ ለትግሉ ያውላል ብለን እንጠብቅ ይሆናል። የመጻሕፍቱን ርእሶች ስንደረድር ግን ሌላ ነገር እናያለን። በአንድ ወገን «የሶሻሊዝም ሀ ሁ» እና «ሶሻሊዝም ለምን?» የመሳሰሉት አሉ። እነዚህ ጉዳያቸውን ፊት ለፊት የሚናገሩ ናቸው። በሌላ ወገን «ሲቴቼ ፖሄ»፣ «ሻንክ አኒ ሺምፕሌ»፣ «በቺናር ዛፎች ጥላ» እና በአንዲት የጓሮ አበባ ስም የተሰየመው «ጉልባክሺ» አሉ። ፖሄ ተጠፍጥፎ የደረቀ ሩዝ ነው፤ በማራቲ ተናጋሪ ቤት ለቁርስም ለእንግዳም ይቀርባል። በጥንቱ ተረት ድኻው ሱዳማ ለወዳጁ ለክሪሽና ይዞለት የሄደው ስጦታ ይኸው ነው። ሻንክ በቤተ መቅደስ እንደ መለከት የሚነፋው ትልቁ ዛጎል ሲሆን፣ ሺምፕሌ ማዕበል የሚተፋቸው ተራ ዛጎሎች ናቸው። ቺናር በካሽሚር የሚታወቅ ትልቅ ባለ ጥላ ዛፍ ነው።

በርእስ ብቻ ስለ ይዘት መፍረድ እንደማይገባ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ርእስ ደራሲው ለአንባቢው የሚያቀርበው የመጀመሪያ ቃል ነው፤ የጎሬ ርእሶች ደግሞ ሁለት ረድፍ ሠርተው ይቆማሉ። የመጀመሪያዎቹ ያከራክራሉ። ሁለተኛዎቹ አንድን የሚዳሰስ ነገር አንሥተው ለአንባቢው በእጁ ያስይዙታል። በአንዱ ረድፍ ላይ የድርጅቱን ሰው፣ በሌላው ላይ የኮንካንን ልጅ እናገኛለን። በመካከላቸው የቆመው «የእስር ቤት ግድግዳዎች» ነው። ግድግዳ የሚዳሰስ ነገር ነው፤ የእስር ቤት መሆኑ ግን ፖለቲካ ያደርገዋል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ይህ ዓይነቱ ክፍፍል ሽሽት አይደለምን? ቀን ስለ ድኾች ተናግሮ ማታ ስለ አበባ መጻፍ ለምን ይጠቅማል? የሚል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። መልሱ ግን በጎሬ ሕይወት ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ሽሽት የሚባለው ሰው ዋጋ ሳይከፍል ሲቀር ነው። ጎሬ ለእምነቱ የከፈለው በአካሉና በዓመታቱ ነው። ስለዚህ ልቦለዱና ወጉ ለትግሉ ምስክር እንዲሆኑ አላስፈለገውም። በሥራ ያልተገለጠ እምነት ነው ብዙውን ጊዜ በድርሰት ውስጥ ጮሆ የሚናገረው።

ማጠቃለያ

ጎሬ ሜይ 1 ቀን 1993 በፑኔ ከተማ ዐረፈ። ቀኑ የሠራተኞች ቀንና የማሃራሽትራ የምሥረታ በዓል የሚከበርበት ነው። ጓደኛው ጆሺ አራት ዓመት ቀድሞት ሄዷል። የመሠረቱት ፓርቲ ተከፋፍሎ፣ ተዋሕዶ፣ እንደ ገና ተከፋፍሎ በስሙ የሚጠራ ድርጅት አልቀረለትም። በፖለቲካ ሚዛን ብቻ የለካው ሰው የጎሬን ሕይወት የሽንፈት ታሪክ ሊለው ይችላል።

በሥነ ጽሑፍ ሚዛን ሲለካ ግን ሦስት ትምህርቶች እናገኝበታለን። አንደኛ፣ የፖለቲካ ሐሳብ በሕዝብ ቋንቋ ሊነገር የሚችለው ሕዝቡ አስቀድሞ ከሚያውቀው ቃል ሲነሣ መሆኑን «ኦናማ» ያሳየናል። ሁለተኛ፣ ተርጓሚ የተረጎመውን ሰው የመከተል ግዴታ እንደሌለበት፣ ይልቁንም ጠለቅ ብሎ በማወቁ የተሻለ ተቃዋሚ ሊሆን እንደሚችል የኔሩ ግለ ታሪክ ያስረዳል። ሦስተኛና ዋነኛ፣ ዓላማና ጥበብ የሚጣሉት አንዱ የሌላውን ሥራ እንዲሠራ ሲታዘዝ ነው። ወግ እንደ መግለጫ ይናገር ሲባል ይሞታል፤ መግለጫም እንደ ወግ ይለዝብ ሲባል ይዋሻል። ጎሬ መግለጫውን በመግለጫነቱ፣ ወጉን በወግነቱ ጻፈ። ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው ጸሐፊው ራሱ፣ ማለትም በፓርቫቲ ኮረብታ፣ በናሲክና በአጉዋዳ የነበረው ያው ሰው ነው።

በመግቢያው ላይ ደራሲ የፖለቲካ ድርጅት አባል ሲሆን ብዕሩ ምን ይሆናል ብለን ጠይቀን ነበር። ከጎሬ የምናገኘው መልስ፣ ጥያቄው ስለ ብዕሩ ብቻ አለመሆኑን ነው። ስለ ሰውዬው አኗኗርም ነው። የማራቲን ሥነ ጽሑፍ በቀጥታ ከቋንቋው አጥንቶ፣ በተለይም «የእስር ቤት ግድግዳዎች»ን ወደ አማርኛ መልሶ፣ ከራሳችን የእስር ቤት ጽሑፎች ጎን ለጎን የሚያቆመው ተመራማሪ ቢገኝ፣ እዚህ የተጀመረውን ወደ ተሟላ ጥናት ሊያደርሰው ይችላል።